ሁለት ደቂቃ በአናፖሊስ፦ ስለ ሕይወት ሕጎችና ስለ ካቶሊካውያን ሙግት

ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ እንዳላችሁ፣ ከዚህ ወጥታችሁ ወደ ሌሊት ተራ የምትገቡም እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ወደ ነገሩ ልግባ።

እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 2019 አናፖሊስ በሚገኘው የሜሪላንድ ሴኔት አንድ ረቂቅ ሕግ ለድምፅ ቀረበ። 23 ሴናተሮች ደገፉት፣ 23 ተቃወሙት። የሴኔቱ አባላት 47 ናቸው። ቀሪው ሴናተር ኦቢ ፓተርሰን ድምፅ አልሰጡም። ረቂቅ ሕግ እንዲያልፍ 24 ድምፅ ያስፈልገዋልና እዚያው ቀረ። በዚያው ወር መጀመሪያ ላይ በተወካዮች ምክር ቤት 74 ለ66 አልፎ የመጣ ረቂቅ ነበር። አንድ ድምፅ ቢጨመርለት ኖሮ የሴኔቱንም ደጅ ይሻገር ነበር።

ረቂቁ መጀመሪያ ሲቀርብ እንዲህ ይል ነበር። ዕድሜው 18 የሞላ፣ በስድስት ወር ውስጥ ይሞታል ተብሎ በሐኪም የተነገረው፣ አእምሮው የተስተካከለ የስቴቱ ነዋሪ፣ ሕይወቱን የሚያበቃበት መድኃኒት እንዲታዘዝለት መጠየቅ ይችላል። አንዴ በቃል ይጠይቃል፣ በጽሑፍ ይጠይቃል፣ ከመጀመሪያው ጥያቄ 15 ቀን ቆይቶ ደግሞ በቃል ይደግማል። ሁለት ሐኪሞች ይስማማሉ። መድኃኒቱን ግን በሽተኛው በራሱ እጅ ይወስዳል። ሕጉ የተሰየመው ለሁለት የአናፖሊስ ሰዎች መታሰቢያ ነው። አንደኛው የከተማዋ ከንቲባ የነበሩት ሮጀር ሞየር፣ ሌላው የከተማዋ ምክር ቤት አባል የነበሩት ሪቻርድ እስራኤል ናቸው። ሁለቱም በፓርኪንሰን ሕመም ተሠቃይተው በ2015 ዐረፉ። ረቂቁም መጀመሪያ የቀረበው በዚያው ዓመት ነው።

እኔ ይህን ሕግ የምቃወም ካቶሊክ ነኝ። ከእኔ የተለየ እምነት ያላችሁ እዚህ እንደምትበዙ አውቃለሁ፤ በአገራችን በኢትዮጵያም ቢሆን የካቶሊኮች ቁጥር ትንሽ ነው። ሕጉን የሚደግፉ ሰዎች ጨካኞች ናቸው ከሚል ሰው ጋር ግን አልተባበርም። ብዙዎቹ እናታቸው ወይም ባለቤታቸው በሥቃይ ስትሞት አይተው የመጡ ናቸው። እንባቸው እውነተኛ ነው። የምንለያየው ለዚያ ሥቃይ ምን መልስ ይሰጠው በሚለው ላይ ነው።

ነገሩ ከደጃችን ውጭ ያለ አይደለም። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቶ ጆርጂያ አቬኑን ወደ ደቡብ የያዘ ሰው ኢስተርን አቬኑን ሲሻገር ዋሽንግተን ዲሲ ገባ። እዚያ ተመሳሳይ ሕግ ከፌብሩዋሪ 2017 ጀምሮ ጸንቶ ይሠራል። ጎረቤታችን ደላዌርም በ2025 የራሷን ሕግ አጽድቃለች። ሜሪላንድ ውስጥ ረቂቁ በየዓመቱ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ተመልሶ ይመጣል። በ2024 የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ቢል ፈርጉሰን በቂ ድምፅ የለውም ብለው ለዚያ ዓመት እንዲቆም አደረጉ። በዚህ አካባቢ በሽተኛ የሚያጥብ፣ የሚያበላ፣ ሌሊት ከአልጋው አጠገብ የሚቀመጥ ማን እንደሆነ ደግሞ ለእናንተ አልነግራችሁም። ከእኛ ቤት ነርስ ወይም ሆም ኬር የሚሠራ ዘመድ የሌለው ጥቂት ነው።

በአናፖሊስ የካቶሊካውያንን ድምፅ የሚያሰማው አካል የሜሪላንድ ካቶሊክ ኮንፈረንስ ይባላል። በስቴቱ ውስጥ መሬት ያላቸው ሀገረ ስብከቶች ሦስት ናቸው፦ ባልቲሞር፣ ዋሽንግተንና ዊልሚንግተን። የእኛ ሞንጎመሪ ካውንቲ በዋሽንግተን ሊቀ ጳጳስ ሥር ነው፤ ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ በስተምሥራቅ ያለው ምድር በዊልሚንግተን ሥር። ኮንፈረንሱ የእነዚህ ጳጳሳት የሕዝብ ጉዳይ ቢሮ ነው። ሠራተኞቹ ረቂቅ ሕጎችን ያነባሉ፣ ለኮሚቴዎች ምስክርነት ይጽፋሉ፣ ከሕግ አውጪዎች ጋር ይነጋገራሉ፣ ምእመናንንም ይቀሰቅሳሉ። ኮንፈረንሱ እገሌን ምረጡ፣ እገሌን አትምረጡ ማለት ግን አይችልም። ከ1954 ጀምሮ የፌዴራሉ የግብር ሕግ ከግብር ነፃ የሆኑ የሃይማኖትና የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን ከዚያ ይከለክላል። ስለ ሕጎች መናገር ግን በልክ ተፈቅዷል።

ወደ ረቂቁ ልመለስ፤ ክርክሩ ያለው ዝርዝሩ ላይ ነውና።

ስድስት ወር የሚለውን ቁጥር እንውሰድ። ሆስፒስ የምትሠሩ ይህን ቁጥር ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ሜዲኬር ለሆስፒስ የሚከፍለው ሐኪም በሽተኛው ስድስት ወር ወይም ከዚያ በታች ይኖራል ብሎ ሲፈርም ነው። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ የ90 ቀን ጊዜ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ በየ60 ቀኑ ይታደሳል፣ የሚታደስበትም ቁጥር ገደብ የለውም። ለምን እንዲህ ተደረገ ቢባል፣ ስድስት ወር የተባለ ሰው ዓመት ስለሚኖር ነው። አንዳንዱማ ተሽሎት ከሆስፒስ ይወጣል። ሐኪም የሚገምተው በሚያውቀው ሙያ ነው፤ ግምት ግን ግምት ነው። የሆስፒስ ግምት ሲስት ወረቀቱ ይታደሳል። ያ መድኃኒት ከተወሰደ በኋላ የሚታደስ ነገር የለም።

ሁለተኛው የብቸኝነቱ ነገር ነው። መጀመሪያ በቀረበው ረቂቅ በሽተኛው በመንፈስ ጭንቀት ውስጥ ይሁን አይሁን በአእምሮ ሐኪም የሚታየው ከሁለቱ ሐኪሞች አንዱ ከጠረጠረ ብቻ ነበር። መድኃኒቱ ሲወሰድም ነርስ ወይም ሐኪም አጠገቡ እንዲኖር ሕጉ አያስገድድም። መድኃኒቱ ከፋርማሲ ከወጣ በኋላ በዚያ ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን፣ በሽተኛው ሐሳቡን ቀይሮ እንደሆነ፣ ማን እንዳቀበለው የሚያይ የለም።

ሦስተኛው ልቤን የሚበላኝ ነው። ኦሬጎን ሕጉን በ1994 በሕዝብ ድምፅ አጽድቃ በ1997 ሥራ ላይ አውላዋለች፤ የስቴቱ ጤና መሥሪያ ቤትም በየዓመቱ ሪፖርት ያወጣል። መድኃኒቱን የወሰዱ ሰዎች ለሐኪሞቻቸው ከገለጹት ምክንያት ውስጥ ዘወትር ከፊት የሚገኙት ራስን አለመቻል፣ ደስ የሚሉ ነገሮችን ማድረግ አለመቻልና ክብር ማጣት ናቸው። ሕመም፣ ወይም ሕመም ይመጣብኛል የሚል ፍርሃት፣ ከእነዚህ ኋላ ነው የሚመጣው። ለቤተሰብ ሸክም መሆንን የጠቀሱም ብዙ ናቸው።

ሸክም ሆንኩባችሁ። ይህን ቃል ከሽማግሌ አፍ ያልሰማ ማን አለ? እናቶቻችን ልጅ ለመጠየቅ አሜሪካ መጥተው ሲታመሙ ከሕመማቸው ይልቅ የሚያስጨንቃቸው የልጃቸው ከሥራ መቅረት ነው። «እኔ በቃኝ፣ እናንተ ሥራችሁን ሥሩ» ይላሉ። እንዲህ ላለች እናት መልሱ እጇን ይዞ «ኧረ ምን ሸክም አለሽ እማዬ» ማለት እንደሆነ ማንም አላስተማረን። ሕግ በበኩሉ አንድ ምርጫ ከፍቶ ሲያስቀምጥ፣ ያልጠየቀውም ሰው ያንን በር ማየቱ አይቀርም። በሕይወት ለመቆየት ምክንያት ማቅረብ ያለበት ይመስለዋል።

በዚህ ነጥብ ላይ ካቶሊኮቹ ብቻቸውን አይደሉም። የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋቾች፣ ብዙዎቹ ከሃይማኖት ጋር ግንኙነት የሌላቸው፣ ይህን ሕግ አጥብቀው ይዋጋሉ። በ1996 ዳያን ኮልማን የመሠረተችው «ኖት ዴድ የት» የሚባለው ድርጅት በዚህ የታወቀ ነው። ጥያቄያቸው ቀላል ነው፦ በሌላ ሰው እጅ መታጠብ፣ በሌላ ሰው እጅ መብላት ክብር ማጣት ከሆነ፣ እኛ ዕድሜያችንን ሙሉ የምንኖረው ያለ ክብር ነው ወይ? ማሳቹሴትስ ውስጥ በ2012 ተመሳሳይ ሕግ ለሕዝብ ድምፅ ሲቀርብ የቦስተን ሀገረ ስብከትና እነዚህ ተሟጋቾች በአንድ ወገን ቆሙ፤ ሕጉም 51 ለ49 በሚሆን ጠባብ ልዩነት ወደቀ። ብዙ ካቶሊክ የሚኖርበት ስቴት ቢሆንም በስብከት ብቻ የሚገኝ ውጤት አልነበረም።

እዚህ ላይ ስለ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት አንድ ነገር ማስተካከል አለብኝ፤ ብዙ ሰው፣ ካቶሊኩም ጭምር፣ በተሳሳተ መንገድ ይረዳዋልና። ቤተ ክርስቲያን የሰው ትንፋሽ በማሽን እስከ መጨረሻው ይጎተት አትልም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በ1957 ለሐኪሞች ሲናገሩ፣ ከልክ ያለፈና ከባድ ሕክምና ግዴታ አለመሆኑን አስረድተዋል። ለሥቃይ ማስታገሻ የሚሰጥ መድኃኒት፣ ሞትን ለማምጣት ታስቦ እስካልተሰጠ ድረስ፣ ዕድሜ ሊያሳጥር ቢችል እንኳ የተፈቀደ ነው ብለዋል። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በ1995 «ኤቫንጀሊዩም ቪቴ» በተባለው መልእክታቸው ይህንኑ አጽንተዋል። ሞርፊን መስጠት ኃጢአት ነው ብላ ለበሽተኛ ሞርፊን የምትከለክል ልጅ ካለች፣ ይህን ከቤተ ክርስቲያን አልተማረችውም።

ሜሪላንድ ውስጥ ይህ ጉዳይ በወረቀት ላይ የሚወርድበት ሞልስት የሚባል ቅጽ አለ። ነርሲንግ ሆም፣ አሲስትድ ሊቪንግ ወይም ሆስፒስ የሚገባ ሁሉ ይሞላለታል። ቤት ለቤት የምትሠሩም ፍሪጅ ላይ ተለጥፎ አይታችሁታል። የመጀመሪያው ገጽ ልብ ስትቆም ደረት እየተጫነ ይሞከር ወይስ አይሞከር የሚለውን ይጠይቃል። ሁለተኛው ገጽ ስለ መተንፈሻ ማሽን፣ ስለ ደም፣ ወደ ሆስፒታል ስለመመለስ፣ ስለ አንቲባዮቲክ፣ በቱቦ ስለሚሰጥ ምግብና ውኃ፣ ስለ ዲያሊሲስ ነው። ካቶሊክ በሽተኛ መሞቻው ሲደርስ ደረቴን አትጫኑ ብሎ ሊያስፈርም ይችላል፤ ይህ ራስን ማጥፋት አይደለም። በቱቦ ስለሚሰጥ ምግብ ግን ቤተ ክርስቲያን ጥንቃቄ ትጠይቃለች፤ ሰውነቱ የሚቀበለውና የሚጠቅመው እስከሆነ ድረስ ይሰጠው ትላለች።

የእኛ ቤት ችግር ሌላ ነው። እኛ ለበሽተኛው ካንሰር ነው አንለውም። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ ልጅ ያስተረጉማል፣ ልጅ ደግሞ ለአባቱ «ትንሽ ጨጓራህን ነው» ይለዋል። አድራጎቱ ከፍቅር የመጣ ነው፤ በዚህ ሁኔታ የተሞላ ሞልስት ግን የማን ፈቃድ ነው? በፌዴራል ሕግ ሆስፒታል በነፃ ብቁ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ጠይቁ። ልጅን ከዚህ ሸክም አውርዱት። ንስሐ አባቱን ለመጥራት፣ ኑዛዜውን ለመናገር፣ ከወንድሙ ጋር ለመታረቅ ሰው ሊሞት መሆኑን ማወቅ ይገባዋል።

አሁን ወደ ሌላ ሕግ እንሻገር፤ የሞት ቅጣትን ወደ ሻረው። ስለ ካቶሊካውያን ሙግት ከሚነገረው ሁሉ እኔን በጣም የሚያሳምነኝ ይህ ታሪክ ስለሆነ ጊዜ እሰጠዋለሁ።

ከርክ ብላድስወርዝ የሜሪላንድ ተወላጅ ነው፣ ቀድሞ የባሕር ኃይል እግረኛ የነበረ። በ1985 የዘጠኝ ዓመት ሕፃን ደፍረህ ገድለሃል ተብሎ ሞት ተፈረደበት። የዓይን ምስክሮች አየነው አሉ። ጉዳዩ እንደገና ታይቶ ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ ቢወርድለትም እስር ቤት ቀረ፤ እዚያም ሳለ ካቶሊክ ሆነ። ስለ ዲኤንኤ ምርመራ አንብቦ፣ የእኔም ይመርመርልኝ ብሎ ወተወተ። ምርመራው ንጹሕ መሆኑን አሳየ፤ በጁን 1993 ተፈታ። በአሜሪካ ሞት ተፈርዶበት በዲኤንኤ ነፃ የወጣ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ዓመታት ቆይቶም ያው ምርመራ እውነተኛውን ገዳይ አስያዘ።

ይህ ሰው አናፖሊስ እየሄደ በኮሚቴዎቹ ፊት ተቀመጠ። «እኔ ሞቼ ቢሆን ኖሮ» የሚል ሰው ፊት ለፊት ሲቀመጥ የሕግ ክርክር መልኩን ይለውጣል። የሜሪላንድ የመጨረሻው የሞት ቅጣት የተፈጸመው በዲሴምበር 2005 ነው፤ ያን ጊዜ የባልቲሞሩ ካርዲናል ዊልያም ኪለር እስረኛውን ሄደው ጎብኝተውታል። ካቶሊክ ኮንፈረንሱ ከጥቁር አሜሪካውያን የመብት ማኅበር ከኤንኤኤሲፒና ከሌሎች ጋር ሆኖ ለዓመታት ገፋ። በ2013 ሴኔቱ 27 ለ20፣ ተወካዮቹ 82 ለ56 የሞት ቅጣትን ሻሩ፤ ካቶሊኩ አገረ ገዥ ማርቲን ኦማሊ ሜይ 2 ቀን ፈረሙበት። ቤተ ክርስቲያን እራሷ ትምህርቷን እስከ መጨረሻ ያጠራችው ከዚያ በኋላ ነው፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ የሞት ቅጣት ፈጽሞ ተቀባይነት የለውም የሚለውን በትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፉ ውስጥ ያስገቡት በ2018 ነው።

የቺካጎው ካርዲናል ጆሴፍ በርናርዲን በ1983 ፎርድሃም ዩኒቨርሲቲ ላይ ባደረጉት ንግግር፣ ስለ ሕይወት የሚሟገት ሰው ከማኅፀን እስከ ሞት ፍርደኛው ክፍል ድረስ በአንድ ልብ ይሟገት ብለው ነበር። በጊዜው ከግራም ከቀኝም ብዙ ነቀፋ ደርሶባቸዋል። እኔ ትክክል ነበሩ እላለሁ። ለሞት ፍርደኛው የቆመ ሰው ስለ በሽተኛው ሲናገር ይደመጣል።

በውርጃ ጉዳይ ኮንፈረንሱ ተሸንፏል፤ ሽንፈቱም ትንሽ አይደለም። በ2022 ሐኪም ያልሆኑ ሠልጣኝ ባለሙያዎችም ውርጃ እንዲያካሂዱ የሚፈቅደው ሕግ የአገረ ገዥ ሆጋን ተቃውሞ ተሽሮ ጸደቀ። በኖቬምበር 2024 ውርጃን ጨምሮ የሥነ ተዋልዶ ነፃነትን በስቴቱ ሕገ መንግሥት የሚያጸናው ማሻሻያ ከመቶ 76 ያህል ድጋፍ አገኘ። ጳጳሳቱ ሊሉ የሚገባቸውን ብለዋል፤ የተፀነሰ ሕፃን ሰው ነው የሚለውን እምነት ምርጫ ይሸነፋል ብሎ የሚተው የለም። ግን ብዙው መራጭ የሰማው ክልከላውን ብቻ ነበር። በዚያው በ2022 ሜሪላንድ ወረቀት የሌላቸው እርጉዝ ሴቶች በሜዲኬይድ የእርግዝና ክትትል እንዲያገኙ የሚያደርግ ሕግ አወጣች፤ ከጁላይ 2023 ጀምሮም ይሠራል። ኮንፈረንሱ ያንን ሕግ ደግፎ መስክሯል። ዛሬ በዚህ አካባቢ ወረቀት ሳይኖራት ያለ ፍርሃት ክሊኒክ ሄዳ የፅንሷን ልብ ምት የምትሰማ እህት ካለች፣ ይህ ሕግ ደርሶላታል። ለምን ይህ ሥራቸው ከዚያኛው ድምፃቸው እኩል አልተሰማም? እኔ በበኩሌ ይህን ጥያቄ ለጳጳሳቱም ደጋግሜ ባቀርብ አይሰለቸኝም።

አሁን ስለ እናንተ። የሜሪላንድ ምክር ቤት ጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ላይ ይከፈታል፣ 90 ቀን ይሠራል፣ ኤፕሪል ላይ ይዘጋል። 141 ተወካዮችና 47 ሴናተሮች አሉ። በዚያ ጊዜ ውስጥ እያንዳንዱ ረቂቅ በኮሚቴ ፊት ምስክር ይሰማበታል። ማንም ነዋሪ በምክር ቤቱ ድረ ገጽ አካውንት ከፍቶ መመዝገብ፣ በአካል ወይም በቪዲዮ መናገር፣ ወይም በጽሑፍ ማስገባት ይችላል። ለአንድ ሰው የሚሰጠው ጊዜ ሁለት ደቂቃ ያህል ነው። ጠበቆች፣ ፕሮፌሰሮች፣ የድርጅት ተወካዮች ይደረደራሉ። በሽተኛ የሚያጥቡት እጆች ባለቤቶች ግን ብዙ ጊዜ የሉም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እየተባለን ያደግን ሰዎች ነን፤ ስደትም ጨምሮብናል። አናፖሊስ ውስጥ ግን ዝም ያለ ሰው እንደተስማማ ይቆጠራል።

ሦስት ነገር የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ስድስት ወር ተብሎ ዓመት የኖረ ሰው ያየ፣ በሽተኛ «ሸክም ሆንኩ» ሲል የሰማና ምን እንደመለሰለት የሚያስታውስ፣ በሜዲኬይድ የቤት እንክብካቤ ለማግኘት ተራ ሲጠብቅ ያለቀ ቤተሰብ የሚያውቅ። ይህ ሦስተኛው እንዳይረሳ፤ የቤት እንክብካቤ የሚጠባበቁ ሰዎች ረጅም የተራ ዝርዝር ሜሪላንድ ውስጥ አለ። ሕጉን የሚደግፍ ሴናተርም ቢሆን «ታዲያ ለዚህ በሽተኛ ምን አደረጋችሁለት?» ሲባል መልስ ማዘጋጀት አለበት። እኛም ሕጉን የምንቃወም ሰዎች ያው ጥያቄ ይጠብቀናል።

ስትጽፉ አጭር ይሁን፤ አንድ ገጽ ይበቃል። ስማችሁን፣ የምትኖሩበትን ወረዳ፣ ስንት ዓመት በሙያው እንደሠራችሁ አስቀምጡ። የረቂቁን ቁጥርና መደገፍ ወይም መቃወማችሁን ከላይ ጻፉ። የበሽተኛ ስም፣ የቤት አድራሻ፣ የሚያሳውቅ ነገር ፈጽሞ አታስገቡ፤ የታካሚ ምስጢር ሕግ አለ፣ ሥራችሁንም ሊያሳጣችሁ ይችላል። እንግሊዝኛው እንዲያምር አትጨነቁ። የሃይማኖት ጥቅስም አያስፈልጋችሁም። ምሽት ላይ አንድ ሽማግሌ አልጋው ላይ ተቀምጦ የነገራችሁን፣ እናንተም ያደረጋችሁትን ጻፉ። ካቶሊክ ያልሆናችሁም በኮንፈረንሱ ስም መናገር የለባችሁም፤ በራሳችሁ ስም ቅረቡ። ላፕቶፕ ይዤ መጥቻለሁ፤ ጥያቄያችሁን ከተቀበልኩ በኋላ አካውንት መክፈት የምትፈልጉ ከፊት ባለው ጠረጴዛ ዙሪያ አብረን እንሠራዋለን።